ሚጣ የተሸከመችው ወንበር

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ አምሀ፣ ክቡራትና ክቡራን የጋራዣችን ሠራተኞች፣ ከወልቂጤ ቅርንጫፍ ማልዳችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ ከእንሴኖ ሥራ ፈታችሁ የመጣችሁ ገበሬዎቻችን፤ አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ።

ድንኳኑን ለተከላችሁ፣ ወንበሩን ለደረደራችሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ክትፎውን ስትከትፉ ለዋላችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ፈጣሪ በልጆቻችሁ ደስታ ይካሳችሁ። ይህን ያለበሳችሁኝን ጋቢም እወደዋለሁ። አቶ አምሀ ስለኔ የተናገሩትን መልካም ቃል በደንብ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ደግሞ ሰው ጡረታ ወጥቶ ሲሄድ የሚባል ነው፤ ለሱም አመሰግናለሁ።

ፈትሂያ፣ የማይኩን ሽቦ ተይው። ሽቦው ደህና ነው። የሚንቀጠቀጠው የኔ እጅ ነው።

አትሳቁ። ፈርቼ ነው። እንባ የመጣብኝ መስሏችሁ መሐረብ ያወጣችሁትም መልሱት። እንባው ገና ነው፤ አሁን ፍርሃቱ ላይ ነን።

ዓለምዘውድ ፈሪ ናት ስትሉ ኖራችኋል። ነኝ! ማን ካደ? ጃክ ብቻውን ባቆመው መኪና ሥር ተኝቼ አላውቅም። በግንድ ካልተደገፈ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልገባም። ባዩ፣ ያ ባለፈው ወር ጡረታ የወጣው ሾፌራችን፣ «እትዬ ዓለም ሞትን ከሩቅ ስታየው መንገድ ትቀይራለች» ይል ነበር። ልክ ብሏል። ሞት ሰላም ካሉት ቆሞ ወሬ የሚጀምር ዓይነት ነው፤ አለማየት ይሻላል።

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል። እኔ ዛሬ የቡታጅራ ነፋስ እየነፈሰብኝ፣ ድንኳን ጥላ ሥር ቆሜ ጀርባዬ ርሷል። ጋቢው ነው እንዳትሉ፤ ጋቢው ሳይደርብኝም ርሶ ነበር።

«ምኑ ነው እንዲህ የሚያስፈራት?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ዞር በሉና እዩት። ያውላችሁ፣ ከግድግዳው አጠገብ። ትንሿ ትራክተራችን ሚጣ ክንዶቿን ወደ ላይ አንስታ ቆማለች። ከፊቷ ባለው፣ አፈር በምታነሳበት የሎደር ባልዲ ውስጥ ወንበር አለ። የግምጃ ቤታችን ፈትሂያ የገዛ ሳሎኗን ነጭ መጋረጃ አውልቃ አልብሳዋለች፤ አበባም ሰክታበታለች። አሁን ወንበሩ ላይ የተቀመጡት የእንሴኖው ገበሬ የኡበይድ ሁለት የበርበሬ ጆንያዎች ናቸው። እኔ ንግግሬን ስጨርስ እነሱ ይወርዱና እኔ እወጣለሁ። ከዚያ ሚጣ ከፍ አድርጋ በበሩ አውጥታ እስከ አስፋልቱ ትወስደኛለች፤ እናንተም ከሥር እየዘፈናችሁ ትከተላላችሁ። ፕሮግራሙ እንደዚያ ነው የሚለው።

እኔ ደግሞ እዚያ ላይ መውጣት አልፈልግም። ይኸው፣ ተናገርኩት።

«ኧረ እትዬ!» ያለው ማነው? ሰምቻለሁ። ቆይ ልጨርስ።

ለእንግዶቻችን ላስረዳ። ይህ ወግ የኛ ጋራዥ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ብትፈልጉ አታገኙትም። የግምጃ ቤት ኃላፊያችን የነበሩት ጋሽ ፈቃደ ጡረታ የወጡበት ቀን ክረምት ነበር። ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እግራቸውን ደግሞ ያማቸዋል። «በዚህ ጭቃ ላይ ተንሸራትቼ፣ ሱሪዬን አበላሽቼ አልሰናበትም» አሉና ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሚጣ ያኔ ገና አዲስ ነበረች። መካኒካችን ሙባሪክ፣ ያው ከነገ ጀምሮ በኔ ቦታ ዋና መካኒክ የሚሆነው፣ ባልዲዋን አወረደና «ጋሼ ይግቡ» አላቸው። ገቡ። ከፍ ሲያደርጋቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ሚኒስትር እያውለበለቡ በበሩ ወጡ። ሰዉ በሳቅ ሞተ። እሳቸው ግን አለቀሱ። «በሥራ ዘመኔ እንዲህ ከፍ ያደረገኝ ሰው የለም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከዚህ ግቢ በእግሩ የተሰናበተ ሠራተኛ የለም። በሚጣ ያልተሸኘ ሰው የተባረረ ነው የሚመስለን። ስለዚህ አልወጣም ስላችሁ ምን እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። «አሁን ናቀችን» ትላላችሁ። እኔ እናንተን? ምን አግኝቼ!

ነገሩ የተበላሸው ባዩ ሲሸኝ ነው። ባዩን ታውቁታላችሁ፤ በቁመትም በወርድም እግዚአብሔር አልሰሰተበትም። ሚጣ አነሳችው፣ አነሳችው፣ የሞተሯ ክዳን ጋ ስትደርስ ቆመች። አቃሰተች። ወደ ላይ የለ፣ ወደ ፊት የለ። «ወይ ባዩ፣ ከበዳት!» ተባለ፣ ሚስቱና ልጆቹ ፊት። እሱም አብሮ ሳቀ። ፊቱን ግን አይቼዋለሁ፤ አልሳቀም። ሰው ዕድሜ ልኩን ሠርቶ በመጨረሻው ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሳቅበት ደስ አይልም።

ሙባሪክ ያን ቀን አጠገቤ ቆሞ ነበር። «በአላህ፣ እትዬ፣ አንቺ እንዲህ አትሆኚም» አለኝ። እኔም ከባዩ ብዙ አላንስም። እንዴ! እንደዚያ ከላይ እስከ ታች አትዩኝ።

ይኸው ዛሬ ጠዋት በሩን ሳልፍ ሙባሪክ ሮጦ መጣ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል።

«እትዬ፣ ዛሬ ከጋሽ ፈቃደም በላይ ከፍ ትያለሽ» አለኝ።

«እንዴት ሆኖ?»

«ግፊቷን ጨመርኩላት። ላንቺ ክብር ብዬ።»

«በምን ለካኸው?»

«የግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን፣ ወልቂጤዎች ወስደውት የለ? በጆሮዬ ነዋ። ብሎኑን እያጠበቅኩ ሞተሯን አዳመጥኳት።»

«ስንት ዙር?»

«እንጃ። እስኪበቃት።»

እስኪበቃት! እዚህ አገር ሰው ፍቅሩን በብዙ ነገር ይገልጻል፤ ቅቤ ያመጣል፣ በግ ይጎትታል። ለክብሬ ብሎ የትራክተር ግፊት የጨመረልኝ ግን ሙባሪክ የመጀመሪያው ነው። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን ሳይ ዘጋሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ምን ልበል?

ነገሩ ለማይገባችሁ በአጭሩ ልናገር። ኡበይድ፣ ዓይንህን ከክትፎው አንሳና ስማኝ፤ አንተም ትከራያታለህ። ሚጣ ዕቃ የምታነሳው በዘይት ኃይል ነው። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ ክንዶቿን ያነሳል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የምታስተነፍስ አንዲት ቫልቭ አለች፤ በላይዋ ላይ ማስተካከያ ብሎን አላት። ብሎኗን ስታጠብቃት ቫልቯ ቶሎ አትከፈትም። ግፊቱ ይጨምራል። ሚጣም የማትችለውን የቻለች ይመስላታል። ቱቦው ግን ያው የድሮው ቱቦ ነው። ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግደው ጎሚኒም ያው ነው። እነሱን ማንም አላማከራቸውም።

ብሎኗን መንካት ኃጢአት አይደለም። እኔም ነክቻታለሁ። ግን መጀመሪያ ዘይቱ ሙሉ ነው ወይ? ፊልትሮው ቆሽሿል ወይ? ክንዷን የሚገፋው ጃክ ጎሚኒ ዘይት በውስጥ ያሳልፋል ወይ? ያን ሁሉ አይቼ፣ ሞተሩን አስነስቼ ዘይቱን አሙቄ፣ ጌጁን አስሬ፣ ከዚያ ነው ብሎኗን የማዞራት፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጨው እንደሚቀምስ ሰው። አያለሁ። ይበቃል ካለ የብሎኗን ማሰሪያ ዳዶ አጥብቄ እጄን አነሳለሁ። ባዩን ያነሳች ቀን ያቃታት ጎሚኒዋ አርጅቶ ነው። አዲሱ ታዟል፣ ይመጣል ተብሎ እየጠበቅን ነው። ሕመሟ ሌላ፣ መድኃኒቷ ሌላ!

ሙባሪክም ይህን ሁሉ ያውቃል። ሞኝ እንዳይመስላችሁ፤ ከኔ በላይ እጁ የቀና ሰው ነው። ለሌላ ገበሬ ቢሆን ወልቂጤ ድረስ ሄዶ ጌጁን ያመጣ ነበር። ለኔ ሲሆን ግን የኔ ከፍ ማለት በለጠበትና የሚያውቀውን ረሳው። እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው። ሰው ካለማወቅ ሲሳሳት ታስተምረዋለህ። ከመውደድ ሲሳሳትስ ምን ትለዋለህ?

ቆይ፣ ውሃ ስጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

እሺ። ጠዋት አንድ ነገር ብቻ አደረግኩ። «እንግዲያው ሙባሪክ» አልኩት፣ «በኔ ፈንታ የኡበይድን በርበሬ ጫንና፣ ንግግር ልጀምር ስል ከፍ አድርገህ ሞተሩን አጥፋው። ንግግሬን እስክጨርስ እዚያው ይቆይ።» «ለምን?» አለኝ። «ለፎቶ ያምራል» አልኩት።

ለፎቶ አልነበረም። ሞተሩ ጠፍቶ ጭነቱ ባለበት ከቆየ ዕቃው ጤነኛ ነው። ከወረደ ዘይቱ በሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። ስለዚህ ንግግሬ የረዘመባችሁ ወሬ ጥሞኝ አይደለም። እየጠበቅኩ ነው። ሚጣ ዙሪያ ያለው ያ ቀይ ጥብጣብም ለምረቃ አይደለም፤ አቶ አምሀ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሚቆርጡት መስሎዎት መቀስ አስመጥተዋል። ሰው ከሥሩ እንዳያልፍ ያጠርኩት አጥር ነው። ቀይ ያደረግኩት ደግሞ ሌላ ቀለም ስላልነበረ ነው።

ከሚጣ ኋላ፣ ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ። ስጀምር ባልዲው ከጽሑፉ በላይ ነበር፤ ሙሉው ይነበብ ነበር። አሁንም ከዚህ ሲታይ ይነበባል። ይነበባል አይደል? ጥሩ። እናንተም ዓይናችሁን ከሱ አትንቀሉ፤ እኔን ማየት ምን ያደርግላችኋል።

ለምንድነው ይህን ያህል የምትሸበሪው ላላችሁኝ፣ ደበሌ ይመልስልኝ። ደበሌ፣ በሩን ተወውና ግባ። እዚህ ቁም።

ደበሌን አብዛኞቻችሁ የምታውቁት የበር ጥበቃ ሆኖ ነው። ከጥበቃ በፊት የሚጣ ሾፌር ነበር። ሰላም ስትሉት ለምን አንጓውን እንደሚሰጣችሁ ስንቶቻችሁ ጠይቃችኋል? አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «ያ ሰውዬ እጁ ሁልጊዜ እርጥብ ነው እንዴ?» ይላል። እርጥብ አይደለም። ደበሌ፣ ልንገራቸው? እሺ ብሏል፤ አያችሁ ራሱን ሲነቀንቅ።

ሾፌር ሳለ ነው፤ ነገሩ የሆነው እንሴኖ፣ በርበሬ ማሳ ዳር ነው። ሚጣ ዘይት ታንጠባጥባለች። ደበሌ ወርዶ አየ፤ ከየት እንደሚወጣ አይታይም። ታዲያ ሁላችንም የምናደርገውን አደረገ፤ ሞተሩ እየሠራ በመዳፉ ቱቦውን ዳበሰው። «እሾህ የወጋኝ መሰለኝ» ነው ያለኝ። ስታዩት መርፌ የነካው ያህል ነች፤ ደም እንኳ የላትም። ምራቁን ቀባ አደረገባትና ሥራውን ቀጠለ። ዘይቱ ግን ቆዳውን በስቶ ገብቷል። ፀጉር በማታስገባ ቀዳዳ በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ አያቆመውም፣ ጓንትም አያቆመውም። ከሥራ ወጥቶ ሠርግ ቤት ሄደ። እዚያ እጁ ማበጥ ጀመረ። አጠገቡ የነበሩት «ንብ ነው፣ ሽንኩርት እሸው» አሉት። ሐኪም ቤት የሄደው በማግስቱ ነው። ሐኪሞቹ ምን እንደነካው ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። ነፍሱ ተረፈች። ጣቶቹ ግን አልተረፉም።

ልጠይቀው ስሄድ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እትዬ፣ ምንም አላመመኝም እኮ» አለኝ። ያቺ ቃል እስካሁን ታንቀጠቅጠኛለች። ቢያመው ኖሮ ቶሎ ይሄድ ነበር። አያምም! ሰውን የሚያጠፋ ነገር አያምም ሲሉህ ከዚህ በላይ ምን ያስፈራል?

እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብኝና ከዚያ ወዲህ ካርቶን ሳልይዝ ቱቦ አጠገብ ደርሼ አላውቅም። ካርቶኑን ጠጋ ታደርጉታላችሁ፤ ዘይት ካለ ካርቶኑ ይረጥባል፣ ይበሳል። የተበሳ ካርቶን ይጣላል፤ ማንም አያለቅስለትም። እናንተ ግን ምን አላችሁኝ? «እትዬ ካርቶን!» ይህን ስም ያወጣው እዚሁ ተቀምጧል፤ ራሱን ያውቃል፤ ስሙን አልጠራም። ፈትሂያ፣ ሳቅሽ እያጋለጠሽ ነው።

ጡረታው አያስፈራኝም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ፀሐይ እሞቃለሁ፤ ጎረቤት ሲያጉረመርም እሰማለሁ። የሚያስፈራኝ ነገ ጠዋት ነው። ነገ ጠዋት አንዱ ሚጣን ሊያነሳሳ ይመጣል። «ትንሽ ዘይት ታንጠባጥባለች» ይላል። ሙባሪክ ይቸኩላል፣ ገበሬው ደግሞ ደጅ ቆሞ «ዝናብ ሳይመጣብኝ» ይለዋል። እጁን ይዘረጋል። ያን ጊዜ ማን ይጮህበታል? እኔ እኮ ለዚህ ነው ደመወዝ ሲከፈለኝ የኖርኩት፤ ለመጮህ!

ስለዚህ ጠዋት ዝም ልል አስቤ የነበረውን አሁን በአደባባይ ተናገርኩት። ሙባሪክ፣ እንዳትቀየመኝ። ነገ አለቃ የሚሆን ሰው ዛሬ ሰው ፊት እንዲህ አይባልም፤ አውቃለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም ያልኩበት ነገር ግን ሰው ሲያቆስል አይቻለሁ፤ በመዳፉ ቱቦ የሚዳብሰው ደበሌ ብቻ አልነበረም፣ ሁላችንም እያየን ዝም ብለን ነበር...

ቆይ።

ቆይ፣ ቆይ። ጽሑፉን አንብቡልኝ። አቶ አምሀ፣ የርስዎ ዓይን ደህና ነው፤ ምን ይታይዎታል? የፊደሎቹ እግር ብቻ?

እኔም የታየኝ እንደሱ ነው። ሰዎች፣ ወርዷል። ማንም አልነካውም፤ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ወንበሩ እኔ ሳወራ እየወረደ ነው።

ተረጋጉ። ማንም እንዳይሮጥ። ፊት ረድፍ ያላችሁ ቀስ ብላችሁ ተነሱና ወደ ኋላ ራቁ። ወንበሩን ተዉት፣ ማንም አይሰርቀውም! ክትፎ የያዛችሁም ራቁ። ጥብጣቡን ማንም አይለፍ። ባልዲውን ላውርደው የሚል እንዳይኖር፤ ራሱ ይውረድ።

ፈትሂያ፣ መጋረጃሽ ላይ ያ ቡናማ ነገር ምንድነው? ጠዋት ነጭ ነበር አይደል? ወይ ጉዴ። ዘይት ነው። ከቱቦው እንደ ጉም እየወጣ ነው፤ ፀሐዩ ላይ ይታያል፣ እዩት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል፤ ይኸው ደረሰ።

ሙባሪክ፣ ወዴት ነው? ቁጭ በል።

ሙባሪክ! ጥብጣቡን አትለፍ አልኩህ! «ላየው ነው» አትበለኝ፤ ከዚህ ይታያል! ሞተሩ ቢጠፋም ጭነቱ አለ፣ ጭነቱ ካለ ግፊቱ አለ! እጅህን! ኧረ እጅህን! ያዙልኝ... አይ፣ ማንም አይሂድ፣ ማንም እንዳይጠጋ! ሙባሪክ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እጅህን ኪስህ ክተት! በልጆችህ ይዤሃለሁ! ደበሌ፣ አሳየው! እጅህን ከፍ አድርግና አሳየው!

እንዲያ። እንዲያ፣ የኔ ጌታ። ደበሌን እየው፣ ቱቦውን ተወው። አሁን ወደ ኋላ። ቀስ። ጥብጣቡን ተሻገር። ና። ና ወደዚህ። እዚህ አጠገቤ ቁም።

እጅህን አሳየኝ። ገልብጠው። አልነካህም? እውነት? ምንም ቢሆን፣ እሾህ ያህልም ቢሆን ንገረኝ፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው። አልነካህም። እሺ። እሺ። አምላኬ ሆይ።

አላፈርኩብህም። ሰው ፊት ስለጮህኩብህ ግን ይቅር...

የማርያም ያለህ!

ምንድነው? ሁሉም ሰው አለ? ማን ጮኸ? ከሥሩ ሰው ነበር? ደበሌ፣ ከሥሩ ሰው ነበር ወይ? የለም? እርግጠኛ ነህ? ልጆቹስ? ልጆቹ በር ላይ ናቸው? ተመስገን። ተመስገን። አልሐምዱሊላህ በሉ።

ቱቦው ነው፤ ፈነዳ። ወንበሩ ተሰባበረ፣ አያችሁት? ጆንያዎቹም... እ... እንጥሽ! ይማረኝ። በርበሬው ነው! ጆንያው ተቀዷል! ዓይናችሁን አትሹ! እ... እንጥሽ! ውሃ አምጡ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ። አቶ አምሀ፣ እዚህ ውሃ አለ። ኡበይድ፣ «በርበሬዬን የሚያህል የለም» ስትል ጉራ መስሎኝ ነበር፤ ይኸው አስመሰከረ።

አሁን መሐረባችሁን አውጡ። ጊዜው ደርሷል።

እስኪ አንድ ሰው ወንበር ስጡኝ። መሬት ላይ ያለ ወንበር።



ያ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ከሥር እናንተ ነበራችሁ፤ እያጨበጨባችሁ፣ ልጅ አዝላችሁ፣ ቀና ብላችሁ እኔን እያያችሁ። ሁለት ጆንያ በርበሬ እኔን አያክልም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሙባሪክ፣ አታልቅስ። በርበሬው ነው ትላለህ? እሺ፣ በርበሬው ይሁን። እኔም በርበሬው ነው።

ስማኝ፣ እናንተም ስሙ። ጌጁ እስኪመጣና ቱቦውና ጎሚኒው እስኪቀየር ሚጣ ከዚያ ቦታ አትነቃነቅም። ወልቂጤዎች፣ ሰምታችኋል? ጌጃችንን መልሱ! ለአንድ ቀን ብላችሁ ወስዳችሁ ክረምቱ ወጣ። ሲመጣ ብሎኗን ወደ ልኳ የሚመልሳት ሙባሪክ ነው፤ ሌላ ማንም አይነካትም። ዛሬ እንደሱ የፈራ መካኒክ በዚህ ዞን የለም፤ ከዛሬ ወዲያ ሚጣን ከሱ ሌላ ለማን አምኜ እሰጣለሁ?

ባልዲ ደግሞ አፈርና ጆንያ ሊያነሳ ነው የተሠራው። ከእንግዲህ ሰው አይወጣበትም። ከፍ ልታደርጉት የፈለጋችሁትን ሰው በሕይወት ሳለ፣ በሥራው ላይ ሳለ ከፍ አድርጉት። ባዩን ጥሩት፤ ቤቱ ሩቅ አይደለም። ጥሩትና ይህን ክትፎ አብሯችሁ ይብላ፤ ያኔ ያቃሰተችው ሚጣ እንጂ እሱ እንዳልከበደ ንገሩት። ከኔ የቀረ አደራ ይኸው ነው።

አሁን ልመርቃችሁ። መሐረቡን ከፊታችሁ አንሱና እጃችሁን ዘርጉ፤ የታጠበ እጅ።

ማለዳ ወጥታችሁ ማታ በሙሉ አካላችሁ ግቡ። አሜን በሉ። ቤታችሁ የሚጠብቃችሁ ሰው ደጅ ደጁን አይቶ አይቅር። የማያምም ቁስል ከናንተ ይራቅ። ፈሪ ጎረቤት፣ ጯሂ ባልደረባ አይጥፋባችሁ። የእንሴኖ ማሳ ይስጣችሁ፣ ዝናቡ በልክ፣ ዋጋውም በልክ ይሁን። በዚህ ጋራዥ ያላችሁ ሁሉ በአሥሩም ጣታችሁ በልጆቻችሁ ሠርግ ላይ አጨብጭቡ። ደበሌ፣ አንተ ደግሞ ባለህ እጅ የልጅ ልጅ ታቀፍ። አሜን።

በሉ እንግዲህ። ይህ ወግ ከተጀመረ ወዲህ ከዚህ ግቢ በእግሩ የተሰናበተ የለም ብያችኋለሁ፤ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ፈትሂያ፣ ዘፈኑን ጀምሪ፣ ማስነጠሱ ከተወሽ። ደበሌ፣ በሩን ወለል አድርገህ ክፈትልን።

ሙባሪክ፣ ና አብረን እንውጣ። እጅህን ስጠኝ። አንጓህን አይደለም፣ እጅህን።

ይኸው። እጅህ አለ።